ገጽ ሠላሳ አንድ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዝናብ። ረፋድ ላይ ሱቁን ከፈትኩ። እስከ ምሳ ሦስት ሰው ገባ፤ ሁለቱ ከዝናቡ ለመጠለል። ሦስተኛው አንድ የኮሚክ አልበም፣ በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ሠዓሊው ፈርሞበታል። "ለአርማን፣ ከልብ" ይላል። ሰውየው አርማን አይደለም።

"ፊርማ ስላለበት ይወደዳል አይደል?"

ይረክሳል አልኩት። የማያውቀውን የአርማንን ስም ሳሎኑ ውስጥ ማስቀመጥ የሚፈልግ ማን አለ? ተቆጣ። በሩን አላግቶ ወጣ። አርባ ዓመት ይህንኑ እላለሁ፤ የሚሰማ የለም። የሰው ስም የተጻፈበት ሥዕል ለገበያ የሞተ ሥዕል ነው።

ማምሻውን የኮሚክ ሠዓሊው ፍሎሪሞን ባስቴን ደወለ። "ቅዳሜ ና፤ የምነግርህ አለ። የፍራፍሬ ታርት ይዘህ ና።" ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲጋራ ትቷል፣ ደረጃ መውጣት ትቷል፣ ሰው ማመስገን ከጥንትም አልጀመረም። ሳሎኑ ውስጥ ባለው ሰፊ መሳቢያ የአሥራ አንድ አልበም ኦሪጅናል ተኝቷል። ማተሚያ ቤት ደርሶ የተመለሰው፣ በእጁ የሳለው ወረቀት ራሱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ታርት ስወስድለት የኖርኩት ለመሳቢያው ስል ነው።

በመጨረሻ ሊሸጥልኝ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ሊሸጥልኝ አይደለም።

"ሰርቬ፣ ሰጠሁት" አለኝ፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ለክልሉ ስብስብ።"

ታርቱን መቁረጤን አላቆምኩም። ይህን ያህል ዓመት ስነግድ የተማርኩት ይህን ነው።

"በስንት?"

"ሰጠሁት አልኩህ እኮ! መስጠት። ሰምተኸው አታውቅም?"

የክልሉ ስብስብ ማለት ከወንዙ ማዶ ያለው ሙዚየም፣ የድሮው ሚስማር ፋብሪካ ነው። አድሰው መስታወት አልብሰውታል። ጎብኚው በዓመት ሁለት አውቶብስ ተማሪ እና ሽንት ቤት የቸገረው ብስክሌተኛ ነው። ሽማግሌው የዕድሜ ልክ ሥራውን እዚያ ሊቀብረው ነው፤ ደስ ብሎታል ደግሞ።

"ላንተ ብሸጥልህ ምን ታደርገዋለህ?"

"ለሚገባው ሰው አደርሰዋለሁ።"

"አንድ በአንድ፣ እንደ እንቁላል። አንዱ ገጽ ጄኔቫ፣ አንዱ ሊል፣ አንዱ የአንድ ሀብታም መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ማን ያነበዋል?"

"ታሪኩን የፈለገ አልበሙን ይገዛል።"

"ተወኝ እባክህ። ታርቱ ደርቋል።"

አልደረቀም። ጠዋት ነው የገዛሁት።

ሲሸኘኝ በሩ ላይ ቆሞ "በአልበም አርባ አራት ገጽ፤ አንድም አልጎደለም" አለ። ኮቴን ቆልፌ ወጣሁ። ይጎድላል እንጂ... ከ"ጥቁሯ ጀልባ" አልበም ገጽ 31 ይጎድላል። የገዛሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲያረጅ ይረሳል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

ስለዚያ ገጽ አንዴ በቅጡ ልጻፈው።

ቃል የሌለበት ገጽ ነው። የከሰል ጫኝ ጀልባ ሜዝ ወንዝ ላይ ትሰምጣለች። ካፒቴኑ ቆቡን እንዳደረገ ከኋላ ቆሟል፤ አይዘልም። በዚህ አገር በስልሳዎቹ ልጅ የነበረ ሁሉ ያንን ሰውዬ ያውቀዋል።

በ1987 ልገዛው ስሄድ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የነፍሎሪሞን ጣሪያ ያፈስ ነበር፤ ባልዲ ደርድረዋል። ገጹን ያመጣችልኝ ሚስቱ ሄርሚን ናት፤ ፍሬም ውስጥ ገብቶ፣ ጠርዙ በካርቶን ተሸፍኖ። በሳምንቱ ለውል አዋዋዩ ዋትሌ ሸጥኩት። በእጄ ጽፌ ፈረምኩ፦ "ኦሪጅናል። ለ1964ቱ ኅትመት የዋለው።" ስሜ የተሠራው በዚያ ሽያጭ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ሱቄን ሲጠቁም "ገጽ 31ን ያወጣው ሰውዬ" ይላል።

ዋትሌ እስካሁን ከወንበሩ ጀርባ ሰቅሎታል።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ከክልሉ ስብስብ አንዲት ሴት መጣች። ቤራንዤር ትባላለች፤ ኃላፊዋ እሷ ናት። የሰላሳ ምናምን ዓመት ሴት፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ ብዙ ፈገግታ።

"ሙሴ ሰርቬ፣ የእርስዎ ዓይን ያስፈልገናል። በዚህ ሙያ ከእርስዎ በላይ ማን አለ?"

እውነት ነው፤ ማንም የለም። ግን ሰው እንዲህ ሲለኝ ኪሴን እዳብሳለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ስጦታውን የሚቀበለው አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ኮሚሲዮን ነው፤ ኖቬምበር 14 ድምፅ ይሰጣሉ። ደንባቸው ሙሉ ያልሆነ አልበም አይቀበልም፤ መጋዘኑ ጠባብ ነው ይላሉ። እያንዳንዱ ገጽ ኦሪጅናል መሆኑን አንድ ባለሙያ በፊርማው ማረጋገጥ አለበት።

"ካልተቀበሉስ?"

"ሙሴ ባስቴን ለሌላ ቦታ አልሰጥም ብለዋል። ቤታቸው ጃንዋሪ ላይ ይሸጣል፤ እሳቸው አረጋውያን ማረፊያ ይገባሉ። ያኔ መሳቢያው..." ትከሻዋን ከፍ አደረገች።

መሳቢያው ያኔ የኔ ነው ማለት ነዋ! እሺ አልኳት። ከዚህ የሚሻል የት ተቀምጬ ልጠብቅ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

ሚስማር ፋብሪካው። ሲሚንቶ፣ መስታወት፣ ቅዝቃዜ። ቤራንዤር ነጭ የጨርቅ ጓንት ሰጠችኝ።

"ጓንት ጣት ያደነዝዛል። እጅ መታጠቢያችሁ የት ነው?" አልኳት። ቀላች። ወረቀት በጓንት እንደማይዳሰስ እንኳ ያስተማራቸው የለም።

ለምርመራ ብቻ ከፍሎሪሞን በውሰት የመጡትን ገጾች አንድ በአንድ አየሁ። የድሮ ኦሪጅናል ጀርባውና ጠርዙ ነው የሚናገረው። ማተሚያ ቤት ፎቶ ሲያነሱት ሰሌዳ ላይ በስፒል ይወጉት ስለነበር አራቱም ማዕዘን ላይ ቀዳዳ አለ። ጠርዙ ላይ ደግሞ መጠኑን በቀይ እርሳስ ይጽፋሉ። ለጀማሪ ነጋዴ ሁሉ የምነግረው ይኼንኑ ነው፤ ገልብጠህ እይ።

ጥቁሯ ጀልባ። 29... 30... 31።

31!

ፊቴን አልቀየርኩም። ቤራንዤር ስለ እርጥበት መለኪያዋ እያወራች ነበር። ገለበጥኩት። ቀዳዳ የለም። ቀይ እርሳስ የለም። የቀሩት አርባ ሦስቱ ገጾች አላቸው፤ ይህ ብቻ የለውም። ሽማግሌው የሸጠልኝን ገጽ ባዶ ቦታ ለመሙላት እንደገና ስሎታል! ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

አልበሙ ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ኮሚሲዮኑ አይቀበልም። መሳቢያው ወደኔ ይመጣል። አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ይበቃኛል።

ውሃው ግን... ውሃው ከባድ ነው። ጀልባዋን ከሥር የያዛት ነገር አለ። የዋትሌን እንዲህ አላስታውሰውም። ቅጂ ወደድኩ እንዴ? አልተመቸኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

"ቅጂ ነው" ብዬ ከጻፍኩ "ዋናው የት አለ?" ይሉኛል። ዋትሌ ዘንድ፣ በኔ ፊርማ። እሱን ደግሞ ከፍሬሙ አውጥቼ በፎቶ ማሳየት አለብኝ። ነገ እሄዳለሁ። መስታወቱን ልወልውልልህ ነው እለዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ቀዳዳ የለውም።

ረቡዕ፣ ማምሻውን

ተረጋግቼ ልጻፍ።

ዋትሌ ስልክ ላይ ነበር፤ ስለ አንድ የሞተ ሰው የእርሻ መሬት ይጨቃጨቃል። ፍሬሙን አውርጄ መስኮቱ አጠገብ ከፈትኩት። ካርቶኑን አነሳሁ። አራቱም ማዕዘን ንጹሕ ነው። ቀይ እርሳስም የለም። ጀርባው ላይ የኔ ተለጣፊ ብቻ፤ "ኦሪጅናል"፣ ፊርማዬ፣ ቀኑ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት። ፍሬሙን አንድ ቀን አልከፈትኩትም። ስንቱን ጀማሪ "ገልብጠህ እይ" ብዬ አሸማቅቄ አባርሬያለሁ... እኔ አላየሁም። ለምን? ቸኩዬ ነበር። ሌላ ነጋዴ ይቀድመኛል ብዬ።

"ምነው ገረጣህ?" አለኝ ዋትሌ ስልኩን ዘግቶ።

"አቧራው ነው።"

መልሼ ሰቀልኩት። ፊት ለፊት ሳየው ጀልባዋ ዘመም ብላለች እንጂ አትሰምጥም። የሚስማር ፋብሪካዋ ናት የምትሰምጠው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ወደ ፍሎሪሞን ሄድኩ። ታርት አልወሰድኩም። ወዲያው ገባው።

"አየኸው?"

"ስንት ጊዜ ነው የሳሉት?"

ቆጠረ። በጣቱ! "ሦስት።"

የመጀመሪያውን በ1964 የመጽሔቱ አዘጋጅ ለጥርስ ሐኪሙ ሰጠው፤ ለመንጋጋው ምስጋና። ያኔ ኦሪጅናል ማለት ከኅትመት በኋላ የሚተርፍ ወረቀት ነበር፤ ማንም አይጠይቅም። የጥርስ ሐኪሙ ሞተ፤ ልጆቹ ቤቱን ሲያጸዱ ጣሉት። ፍሎሪሞን መሳቢያው ውስጥ ክፍተት ሲያይ እንቅልፍ አልወስድ አለው፤ ደግሞ ሳለው። ያንን ነው እኔ የገዛሁት። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ሳለው።

"እኔን አታለሉኝ ማለት ነው።"

"ኦሪጅናል ነው ወይ አልከኝ። አዎ አልኩህ። ማን ሳለው ታዲያ? የጎረቤቴ ድመት?"

"ለኅትመት የዋለው ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ!"

"አልጠየቅከኝም። የጻፍከው አንተ ነህ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርህ? እኔ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ሄርሚን ናት፣ 'ተወው፣ ስጠው፤ ይሄ ልጅ ገልብጦ አያይም' ያለችኝ።"

ገልብጦ አያይም። ባልዲ እያቀያየረች አንድ ጊዜ አየችኝ፤ በቃ፣ አነበበችኝ።

"ለምን አንዱን ገጽ ብቻ ደጋግመው..."

"የመጀመሪያው ደካማ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ መስመጥ ምን እንደሆነ የት አውቄ? ጀልባዋ ተንሳፍፋ ቀረች። ያንተኛው ላይ ዘመመች። ሦስተኛው ላይ ነው የሰመጠችው። ስብስቡ ውስጥ መግባት ያለበት የትኛው ነው ታዲያ? ዓይን ካለህ ንገረኝ።"

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ግን አውቄዋለሁ። ይሄ ነው ያናደደኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ያሉኝ መንገዶች።

ሁሉም ኦሪጅናል ነው ብዬ ብፈርም፦ ስጦታው ያልፋል፤ ሽማግሌው ደስ ብሎት ይሞታል፤ ዋትሌ ሙዚየም ረግጦ አያውቅም፤ ማንም አያውቅም። እስከ መቼ? ፋብሪካው ካታሎግ እስኪያሳትም። ሁለት 31፣ ሁለቱም በኔ ፊርማ። መሳቂያ እሆናለሁ።

"የእነሱ ቅጂ፣ የዋትሌ ኦሪጅናል" ብል፦ መሳቢያው የኔ ይሆናል። ውሸት ነው እንጂ። ነገ ሌላ ሰው ፍሬሙን ይከፍተዋል።

እውነቱን ብጽፍ፦ በስልሳ አምስት ዓመቴ "ዓይን የለውም" እባላለሁ። ከፈረንሳይ ድረስ ሰው ያን ወሬ ሊገዛ ይመጣል።

ሦስቱም ያስጠላሉ። የትኛው ነው ትንሽ የሚያስጠላው?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ቤራንዤር ደወለች። "ሙሴ ሰርቬ፣ ሪፖርቱ?" እየጻፍኩ ነው አልኳት። አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ሙታን የሚጠየቁበት ቀን። ከተማው ሁሉ አበባ ታቅፎ ወደ መቃብር ይሮጣል። ዓመቱን ሙሉ ያልጠየቋቸውን ሰዎች ዛሬ በክሪሳንቲመም ይደልላሉ።

እኔም ገዛሁ። ቢጫ፣ ትልቁን። ወደ ሄርሚን መቃብር ሄድኩ። ፍሎሪሞን ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"በንግድ አንድ ሰው ብቻ ነው ያሸነፈኝ" አልኩት። "ላያት መጣሁ።"

ሳቀ፤ ሳለ፤ ደግሞ ሳቀ። ከዚያ መቃብሩን እያየ፦ "ሰርቬ፣ አይቀበሉትም አይደል? በኔ ምክንያት።"

እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ካፖርቱ ውስጥ አንሶ ታየኝ። እንደ ሌላው ሽማግሌ ቢለምነኝ እንቢ ለማለት ይቀለኝ ነበር። አልለመነኝም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

መጀመሪያ ለዋትሌ ነገርኩት። ፊት ለፊት፣ ቁጭ ብዬ።

"የሸጥኩልህ ለኅትመት የዋለው አይደለም። ራሱ ሠዓሊው እንደገና የሳለው ነው። ተሳስቻለሁ። መልስልኝ፤ ከሱቁ የፈለግከውን ውሰድ።"

ዋትሌ ወንበሩን አዙሮ ገጹን አየው።

"አልመልስም።"

"አልገባህም መሰለኝ..."

"በደንብ ገብቶኛል። ሰርቬ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ወንድማማቾች በአንድ ላም ይታነቃሉ። ከዚያ ቀና ብለው ያንን ሰውዬ ያዩታል። ይፈርማሉ። እኔ ለማተሚያ ቤት ቀዳዳ አይደለም የገዛሁት።" ተለጣፊውን ላጠልኝ። "ይህንን ግን ቀይርልኝ። ትክክለኛውን ጻፍ፤ በእጅህ።"

እዚያው፣ በሱ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ "ሁለተኛው፣ በሠዓሊው እጅ። በ1987 ኦሪጅናል ብዬ የፈረምኩት በስሕተት ነው።" እንደ ትምህርት ቤት ልጅ። ሰውየው ሲያነበው ፊቱ በራ። ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው የስሕተት ማረጋገጫ የሚወደው?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ሪፖርቱን ላክሁ። አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ገጽ፣ ኦሪጅናል። ገጽ 31፣ ሦስተኛው፣ በሠዓሊው እጅ፤ ሁለተኛው ውል አዋዋይ ዋትሌ ዘንድ አለ፣ በኔ ስሕተት፤ የመጀመሪያው ጠፍቷል።

ደግነት አይደለም። ውሸት የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል፤ የኔ ሱቅ ጠባብ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ኮሚሲዮኑ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰው፤ አንድም ኮሚክ አንብቦ የሚያውቅ አይመስልም። ፍሎሪሞን ከኋላ፣ ከረባቱ ጠማማ።

ሊቀ መንበሩ ሪፖርቴን ጮክ ብሎ አነበበው። "በኔ ስሕተት" የሚለው ላይ ሲደርስ ሁለት ሰው ዞሮ አየኝ። አንዱ በአፉ ጥግ ሳቀ። እኔም በአሥራ ሁለቱም ላይ በልቤ ሳቅኩ።

አንዲት ሴትዮ፦ "ደንቡ ግልጽ ነው። ሙሉ አይደለም።" አንድ ባለመነጽር፦ "ኦሪጅናል ስንል በሕግ ምን ማለታችን ነው?" ለሃያ ደቂቃ ኦሪጅናል ምን እንደሆነ ተከራከሩ። ቤራንዤር ጥፍሯን ትበላለች። ለካ የምሯን ነው... ይህን አልጠበቅኩም።

ከዚያ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የነበረ ቀይ ፊት ሰውዬ እጁን አወጣ። የድንች ገበሬ ነው፤ የገጠሩ ተወካይ።

"ይቅርታ፣ እኔ ስለ ሥዕል አላውቅም። ሦስቱንም የሳላቸው ያ ሰውዬ ነው?"

"አዎ" አለ ሊቀ መንበሩ።

"አሁን እዚህ ተቀምጦ ያለው?"

"አዎ።"

"ይቺ ናት የምፈልጋት ብሎ የሰጠው ይቺን ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ የሚጎድለው ምኑ ነው? ለወር ያህል ድንች ስለቅም ቆይቼ መጥቼ ነው፤ ወገቤን ያመኛል። እንምረጥ።"

ዘጠኝ ለሦስት። አለፈ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ዓይን የነበረው ድንች ለቃሚው ብቻ ነው። እኔን ጨምሮ ነው የምለው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

መኪና መጥቶ መሳቢያውን ከነገጾቹ ወሰደው። ጠዋት ፍሎሪሞን ዘንድ አልሄድኩም። የሠላሳ ስምንት ዓመት ታርቴ በጭነት መኪና ሲሄድ ቆሜ ማየት አያስፈልገኝም።

ሱቅ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ነጋዴ ከሊዬዥ መጣ። "ሙሴ ሰርቬ፣ ያ የ31 ነገር እውነት ነው?" አፉ ጥግ ላይ ፈገግታ። እውነት ነው አልኩት። ክዶ ይከራከራል ብሎ ነበር የመጣው፤ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ሁለት አልበም ገዝቶ ወጣ፤ ሁለቱም እርባና ቢስ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

የቅዱስ ኒኮላስ ቀን፤ ለልጆች ስጦታ ያመጣል ይባላል። ልጆች በየመንገዱ ቸኮላት ፊታቸው ላይ ቀብተው ይጮኻሉ፤ ወላጆቻቸው ከነሱ ይብሳሉ።

ፍሎሪሞን ደወለ፤ "ታርት ይቅር፣ ስፔኩሎስ ብስኩት አለኝ፣ ና።" ሄድኩ። ቤቱ ባዶ ነው። መሳቢያው የነበረበት ወለል ላይ አራት የእግር ምልክት ብቻ። ጠረጴዛው ላይ ቀለም አለ፤ ጣቶቹ ጠቁረዋል።

"ክፍተቱ እንቅልፍ ነሳኝ" አለኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አቀበለኝ። "ኒኮላስ አምጥቶልህ ነው።"

ፈታሁት። 31። አራተኛው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ጀልባዋ የለችም። ካፒቴኑም የለም። ውሃ ብቻ፤ ውሃው ላይ ቆቡ።

ሰማዩ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም ጽፎበታል፦ "ለሰርቬ። ይሄኛው ቅጂ ነው። ፍሎሪሞን።"

"ምን ሠሩ! አበላሹት እኮ!"

"አዎ። አሁን ሸጠህ አሳየኝ።"

ገለበጥኩት። ሳቀብኝ፤ እስኪያስለው። "ሄርሚን ይህን ብታይ!"

ስፔኩሎሱ ድንጋይ ነበር። ሦስት በላሁ።

ሱቅ ተመልሼ መዶሻ ፈለግኩ። ከሒሳብ መቀበያው በላይ ሰቀልኩት። ልዘጋ ስል አንዲት ሴትዮ ልጇን እየጎተተች ገባች፤ ቀና አለች፤ ቆመች። ብዙ አየችው።

"ስንት ነው?"

"አይሸጥም።"

"ኦሪጅናል ነው?"

"አይደለም" አልኳት። "አያነቡም? ተጽፎበታል እኮ።"